የአባቴ ቮልስ ከዝገት እስከ ቀለም

እንደሚታወቀው በከተማ የሚኖር ቤተሰብ ንብረት ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ቤት፣ ቀጥሎም የቤት ዕቃ ነው። መኪና ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ያለውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ፣ ዕድሜው ከባለቤቱ ልጆች የሚበልጥ መኪና ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ማደስ፣ በተለይም የውጭ አካሉን አስተካክሎ ማስቀባት፣ የወንዶችና የጋራዥ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ስለሚታይ በሴቶችና በቤተሰብ ዓምድ ብዙ ጊዜ አይነሳም። እኔ ግን ነገሩ ከእቁብ ገንዘብ ጀምሮ እስከ ልጆች ጤንነት ድረስ እናትን በቀጥታ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ያየሁትን ላካፍላችሁ ብዬ ብዕሬን አንስቻለሁ።

የምኖረው ወልቂጤ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ መምህር ነው፤ ሦስት ልጆች አሉን። የተወለድኩት ግን ቡታጅራ ነው። አባቴ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ልጆች በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከሊስትሮ ተነስቶ መርካቶ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ እስከ መክፈት የደረሰ ሰው ነበር። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት ሲያቋቁሙ እርሱም ከጥቂት ገቢው ያዋጣ እንደነበር ሲተርክልን አድገናል። «መንገዱን በገንዘባችን ከሠራን በኋላ በእግር መሄድ ያሳፍራል» እያለ ይቀልድ ነበር። ኋላም ያገለገለች ቮልስዋገን ገዝቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ያቺ ቮልስ እኛን ትምህርት ቤት ስታደርስ፣ ነፍሰ ጡር ጎረቤቶችን ሐኪም ቤት ስትወስድ፣ ለመስቀል ቆጮና ቅቤ ስትጭን ኖራ፣ አባታችን ሲያረፍ እርሷም በግቢው አቮካዶ ሥር ሸራ ለብሳ ቆመች።

የቮልስን ነገር ጥቂት ላንሳ። የዚህች መኪና ሥራ በጀርመን አገር በ1938 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፣ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ወጣች። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ የራዲያተር ውሃ አትጠይቅም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአገራችን እስከ ዛሬ የምትወደድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው አለመቸገሯ ነው።

አባታችን ካረፈ በኋላ ስለ መኪናዋ ሽማግሌ ተቀመጠ። ደላላ ተጠርቶ መጣ፤ ሸራውን ገልጦ ዝገቱን አየና ለብረት ያህል ብቻ የሚሆን ዋጋ ጠራ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነጋዴ ነው፤ ታናሹ ቡታጅራ ይኖራል። ሁለቱም «ይሸጥና እንካፈል» አሉ። በቀድሞው ልማድ ቢሆን ኖሮ ሴት ልጅ በዚህ ጉባኤ ላይ ምንም ቃል አይኖራትም ነበር። ዳሩ ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ሰው ልጆች፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ እኩል እንዲወርሱ ደንግጓል። ስለሆነም ሒሳቡ እንዲህ ሆነ፦ መኪናዋ በትዳር ውስጥ የተገዛች ስለሆነች ግማሽዋ የእናታችን ነው፤ የቀረው ግማሽ ለሦስታችን ሲከፈል ለእያንዳንዳችን ስድስተኛ እጅ ይደርሰናል።

እኔም «የሁለታችሁን ድርሻ ደላላው በጠራው ዋጋ እከፍላችኋለሁ፤ መኪናዋ ለእማዬና ለእኔ ትቅር» አልኩ። አክስቴ ሳቅ ብላ «እነሆ የቃቄ ወርድወት ልጅ መጣች» አለችኝ። የቃቄ ወርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጆካ ሸንጎ ፊት ቀርባ የሴቶችን የጋብቻ መብት የጠየቀች የጉራጌ ሴት ስለሆነች ስድብ አላደረግሁትም። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆነ፤ ሦስት ምስክሮች ፈረሙ፤ እናቴም አውራ ጣቷን አሳረፈች።

መቼም «ይህን ሁሉ ምን አስጨነቀሽ?» የሚል አይጠፋም። እናቴ አባታችን ካረፈ ወዲህ ከእኔ ጋር ወልቂጤ ትኖራለች። ዓይኗን የምትታከመው ቡታጅራ በሚገኘው የግራርቤት የዓይን ሕክምና ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ መካከል የጉራጌ ተራሮች ተዘርግተዋል። ዓይኗ የደከመ አሮጊት ከአንዱ መኪና ወርዳ ሌላ ለመሳፈር ስትጋፋ ማየት ለልጅ ከባድ ነው። ሌላ መኪና እንዳንገዛ ደግሞ አቅማችን አይፈቅድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከአዲሶቹ የከበደ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የብር ዋጋ ቀነሰ። በዚህ ሁሉ ምክንያት በእጅ ያለችን አሮጌ መኪና ማደስ የድሃ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤተሰብ መንገድ ሆኗል።

ቮልሷ በአይሱዙ ተጭና ወልቂጤ መጣች። በመጀመሪያ ፍሬኗ፣ መሪዋና ጎማዋ ታዩ። ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬኗ ያልተሠራን መኪና ቀለም መቀባት፣ የታመመን ልጅ ሳያሳክሙ አዲስ ልብስ እንደ ማልበስ ነው። ሞተሩና ፍሬኑ ከተስተካከሉ በኋላ ወደ ውጭ አካሏ ተሻገርን።

የመጀመሪያው ጋራዥ ገና ከበሩ ስገባ «ባለቤትሽን ላኪው፣ ከእርሱ ጋር እንነጋገራለን» አለኝ። ተመልሼ ወጣሁ። ሁለተኛው በአንድ ሳምንት ቀብቶ ለመስቀል እንደሚያደርስልኝ ቃል ገባ። ጊዜው ነሐሴ ነበር። ሦስተኛው በዕድሜ የገፉ ባትላሜራ ናቸው፤ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው። እርሳቸው ስለ ዋጋ ከማውራታቸው በፊት ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አወጡ፤ ቀለሙን እንዳይጭረው በጨርቅ ጠቅልለው ከደጃፉ በታች፣ በፓርፋንጎዎቹ ጠርዝና በበሮቹ ግርጌ እያስጠጉ ይሞክሩ ጀመር። ማግኔቱ በአንዳንድ ቦታ ጠብቆ ሲይዝ በአንዳንድ ቦታ ምንም አልያዘም።

«ልጄ፣ ማግኔት ያልያዘበት ብረት የለም፤ ስቱኮ ነው» አሉኝ።

በመዶሻ ጫፍ ቀስ ብለው ሲመቱት እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰበረ። ከውስጡ የታጨቀ አሮጌ ጋዜጣ ወጣ። ከብዙ ዓመታት በፊት አባቴ ያሠራበት ጋራዥ ቀዳዳውን በወረቀት ደፍኖ፣ በስቱኮ ለስኖ፣ በቀለም ሸፍኖት ኖሯል። ወረቀቱ እርጥበት ሲይዝ ዝገቱ ከውስጥ ይበላ ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ እናቶች ሁሉ ልታስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በቮልስ ከደጃፉ በታች፣ በግራም በቀኝም፣ እንደ ሣጥን የታጠፈ ብረት ይገኛል። ይህ ብረት ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቧንቧ ሲሆን፣ የመኪናዋንም አካል ደግፎ የሚይዝ ነው። እርሱ ከበሰበሰ መኪናዋ ከውጭ ብታምርም በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን የሚጠብቅ ጥንካሬ አይኖራትም።

የኋላውን ወንበር ስናነሳ ደግሞ የባሰ አየን። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ከባትሪው የፈሰሰው አሲድ ወለሉን በልቶ መዳፍ የሚያስገባ ቀዳዳ ከፍቷል። የባትሪው ክዳን ጠፍቷል፤ የወንበሩ ሽቦም ተጎንብሶ ወደ ባትሪው ጫፍ ተጠግቷል። ሽቦው የባትሪውን ጫፎች ቢነካ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል ጋሼ አስረዱኝ። ልጆቼ የሚቀመጡት በዚያ ወንበር ላይ ነው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ስለ ቀለሟ ውበት ማሰቤን ትቼ ስለ ብረቷ ማሰብ ጀመርኩ።

ስለ መስቀልም ስጠይቃቸው ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። በክረምት አየሩ እርጥበት ስለሚይዝ ቀለም ሲረጭ ይነጣል፤ ከሥሩ የታመቀው እርጥበትም ቆይቶ ቀለሙን እንደ ብጉር ያነሳዋል። በተለይ ስቱኮ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይመጣል። እንግዳ ሁሉ ከአዲስ አበባ በሚገባበት በመስቀል ሰሞን መኪና ይዞ መታየት ደስ ይላል፤ ነገር ግን የአንድ ሳምንት ደስታ ለአሥር ዓመት ሥራ መሠረት አይሆንም። ስለሆነም በክረምቱ ብረቱ ብቻ በመጠለያ ሥር ተሠራ፤ ቀለሙ እስከ ኅዳር ቆየ። ታናሽ ወንድሜ በስልክ «ብረት ቆራርጠሽ አስቀመጥሽው አሉ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በቅድሚያ ባትሪው ወጣ፤ ቀጥሎ የነዳጅ ታንኩ ወረደ። የቮልስ ታንክ ከፊት፣ በኮፈኑ ሥር ስለሚገኝ እርሱን ሳያወርዱ ብየዳ መጀመር አደጋ ነው። ከዚያ ፓራውልቶቹ፣ መብራቶቹ፣ የመርገጫ ብረቶቹና አራቱ ፓርፋንጎዎች ተፈቱ። ቮልስ ለጠጋኝ የምትመቸው በዚህ ነው፤ ፓርፋንጎዎቿ የተበየዱ ሳይሆኑ በብሎን የታሰሩ ናቸው። በመካከላቸውም ጎሚኒ አለ። ቀጥሎ የበሰበሰው ብረት እስከ ጤነኛው ድረስ ተቆረጠ፤ በልኩ የተቀረጸ አዲስ ላሜራ ተበየደ። «ዝገት እንደ እባጭ ነው፤ ሥሩን ካልነቀልሽው ይመለሳል» ይሉ ነበር ጋሼ።

ብየዳው ካለቀ በኋላ ጸረ ዝገት ቀለም ተቀባ። ስቱኮ የተደረገው በመጨረሻ ነው፤ እርሱም መዶሻ ያላስተካከለውን ጥቂት ጎድጓዳ ለመሙላት ብቻ። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ ከወፈረ በመኪናዋ መንቀጥቀጥ ይሰነጠቃል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ መጣ። የወረቀቱ ቁጥር ባነሰ መጠን ሸካራ፣ በበዛ መጠን ለስላሳ ነው። ለስቱኮው በ80 ተጀምሮ በ180 እና በ320 ይቀጥላል፤ መደብ ቀለሙ ከተረጨ በኋላ በ400 እና በ600 በውሃ ይታሻል። ዋናው ቀለም ከመረጨቱ በፊት የክፍሉ ወለል ውሃ ተርከፈከፈበት፤ የወልቂጤ አቧራ እንዳይነሳ ነው። ቀለሙም አንድ ጊዜ በወፍራሙ ሳይሆን በስስ በስሱ፣ እያደረቁ፣ ደጋግሞ ተረጨ።

አሁን ከሁሉ በላይ እናትን ወደሚመለከተው ጉዳይ ልምጣ። በብዙ ከተሞቻችን መኪና የሚቀባው ሰው በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። ልጆች ከሥር ይሯሯጣሉ። የቆየ ቀለም ሲፋቅ የሚነሳው አቧራ እርሳስ የተባለው መርዘኛ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ዓይነት መጠኑ ከጉዳት ነጻ ነው ተብሎ እንደማይታወቅ ይገልጻል። በአገራችንም በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ቁጥር 429 መሠረት በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይሁን እንጂ ደንቡ ከመውጣቱ በፊት በመኪናው ላይ የተለጠፈው አሮጌ ቀለም አሁንም እዚያው አለ። ስለሆነም ቀለም በደረቁ ከመፋቅ በውሃ እያራሱ መፋቅ ይሻላል፤ የሠራተኛው ልብስም ከልጆች ልብስ ጋር መታጠብ የለበትም።

ማጠንከሪያ እየተጨመረበት የሚረጨው ቀለም ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። በማጠንከሪያው ውስጥ የሚገኘው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል በትንፋሽ ሲገባ አስም ያመጣል። በአፍ ላይ የሚታሰር ነጠላ ወይም መሐረብ አያቆመውም፤ ለዚሁ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል። ከጋሼ ጋር የሚሠራው ወጣት በመሐረብ ብቻ ሊረጭ ሲዘጋጅ አይቼ፣ በወጪዬ ላይ ጭንብል ጨምሬ አስገዛሁ። እርሱም የእናት ልጅ ነው።

ቀለሟን የመረጥነው አባቴ የሚያውቃትን፣ ክሬሙን ነው። ከስሜት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። በሊብሬው ላይ የመኪናዋ ቀለም፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተጽፈዋል፤ ቀለም የሚቀይር ሰው አስቀድሞ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ይገባዋል። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የተቀረጸው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመካከለኛው ብረት ላይ ነው። የእኛ ዝገት የነበረውም እዚያው አጠገብ ስለሆነ ቁጥሩ በግራይንደር እንዳይፋቅ ጋሼ በቴፕ ሸፍነው ጠበቁት። ቁጥሩ የጠፋ መኪና ባለቤቱን ለብዙ ጣጣ ይዳርጋል።

ማሻሻያ ያደረግነው በጥቂቱ ነው። የቢጫ ሻጋታ የመሰሉት የፊት መብራቶች ተቀየሩ። በቀኝ በኩል ስላልነበራት ስፖኪዮ ተጨመረ። የበሩና የመስታወቱ ጎሚኒዎች አዲስ ሆኑ፤ ዝናብ ወደ ውስጥ እየገባ ወለሉን ያበላሸው በእነርሱ እርጅና ነበርና። በጣራዋ ላይ ፖርቶ መጋላ ተተከለ። የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ፣ ጥቁር መስታወትና የብረት መከላከያ እንድንጨምር የመከሩን ነበሩ፤ እኔ ግን ያንን ገንዘብ ለባትሪ ክዳንና ለወንበር ቀበቶ አዋልኩት።

ወጪው ሁሉ ከእቁቤ የወጣ ነው። በሰማያዊ ደብተር ላይ ከአንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ፣ ቀኑን፣ ዋጋውንና የተቀበለውን ሰው ፊርማ ጻፍኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ልማድ ነው። ይህ ደብተር ምን ያህል እንደሚጠቅመኝ የታወቀኝ በታኅሣሥ፣ መኪናዋ ክሬም ለብሳ ቡታጅራ በገባች ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዙሪያዋን ዞሮ፣ ኮፈኗን ዳብሶ፣ ዝም ብሎ ቆየና «ይህ ዋጋ ያኔ ከተከፈለኝ ጋር አይመጣጠንም፤ ድርሻዬ እንደገና ይታይ» አለ። በቤታችን ነፋስ ገባ። ታላቁም በስልክ ሰምቶ «እርሱ ያለውን እኔም እላለሁ» አለ።

ክርክር አልገጠምኩም። ደብተሩን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩና «ድርሻህን መመለስ ትችላለህ። የከፈልኩህን መልስልኝ፤ ከወጪው ደግሞ ስድስተኛውን እጅ ክፈል። ከዚያ በኋላ ከመኪናዋ ስድስተኛ እጅ ያንተ ነው» አልኩት። ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጠ። ብየዳውን፣ ላሜራውን፣ ጭንብሉን ሳይቀር አየ። እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና «ሸራ ለብሳ ስትበሰብስ ስንት ትወጣ ነበር? ያንን ተቀብለሃል። ከዚያ ወዲህ የጨመረው የእህትህ ላብ ነው» አለችው። ደብተሩን ዘጋና ለታላቁ ደውሎ ወጪውን ነገረው። ሁለቱም ክፍያውን አልፈለጉም፤ ጥያቄውም በዚያው ቀረ። በሳምንቱ ታናሹ ደውሎ «ለሰርግ ሁለት ቀን ታውሺኛለሽ?» ሲለኝ ሰላም መውረዱን አወቅሁ። ነዳጅ ሞልቶ እንዲመልስ ተስማምተን ሰጠሁት።

ውድ አንባብያን፣ አሮጌ መኪና ታድሳ ካለቀች በኋላ መጠበቅ ትፈልጋለች። በአቧራ የተሸፈነን መኪና በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ቀለሙን ይጭረዋል፤ በቅድሚያ ውሃ ይፍሰስባት። በየሰፈሩ እንደምናየው በቃጫ መፈተግ ለድስት እንጂ ለቀለም አይሆንም። ሁለት ባልዲ ይበቃል፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ። በበሮች ግርጌ ያሉት ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ እንዳይደፈኑ በየጊዜው በእንጨት ይጠረጉ። ከክረምት በፊት ከሥሯ ተጎንብሶ ማየት፣ የተላጠውን ቦታ ሳይሰፋ በጸረ ዝገት ቀለም መንካት ይበቃል። ከሁሉም በላይ ግን መኪና የምታሠራ ሴት ሁሉ ቀለም ከመረጨቱ በፊት ወንበሩን አስነስታ ወለሉን ትይ። ልጆቿ የሚቀመጡት ከዚያ በላይ ነውና።